ሰሃን የምታክለው ሸረሪት

በደርግ ዘመን ከሃያ ሁለት ማዞሪያ አንስቶ እስከ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ድረስ እንደኔ ያለ አውሬ የማይፈራ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ሰፈሩ ሁሉ ይለው ነበር። ልጆች ሲያዩኝ «እባብ ገዳዩ! እባብ ገዳዩ!» እያሉ እስከ አውቶቡስ ፌርማታ ይሸኙኛል። ጅቦቹ እንኳ በደጄ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ይመስለኝ ነበር።

እባቡን የገደለው ጓደኛዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ እሑድ ጠዋት ልብስ ልናጥብ ጓሮ ተቀምጠን ሳለ ከድንጋዩ ካብ ሥር እባብ ብቅ አለ። ከዚያ ቀጥሎ የማስታውሰው የውሃው በርሜል ክዳን ላይ ቆሜ ራሴን ማግኘቴን ነው። ማን እንዳወጣኝ አላውቅም። ጓደኛዬ አካፋ አነሣ፣ ሰነዘረ፣ አበቃ። «ና ውረድ፤ ሞቷል» አለኝ። ወረድኩ። መሞቱን በረጅም እንጨት ደጋግሜ ካረጋገጥኩ በኋላ በዚያው እንጨት አንጠልጥዬው ወደ ግቢው በር ወጣሁ። ሰው ግር ብሎ መጣ። «ማነው የገደለው?» ሲባል አልዋሸሁም፤ ዝም ነው ያልኩት። ዝም ስል ግን ደረቴ ትንሽ ነፋ ብሎ ነበር። ጓደኛዬ ከኋላዬ ቆሞ አካፋውን በሣር እየጠረገ ይስቃል እንጂ ትንፍሽ አላለም። ያ እባብ በዕለቱ የክንድ ርዝመት ነበረው። በሳምንቱ በኔ አፍ ከአጥሩ በለጠ። ጥምቀት ሲደርስ ዘንዶ ሆኖ ጥጃ ውጦ ነበር።

እንዲህ የሚሸፍንልኝ ጓደኛ ነበረኝ። ይህን አስቀድሜ የማወራው፣ በኋላ ያደረገኝን ስትሰሙ «ድሮውንም ክፉ ሰው ነው» እንዳትሉ ነው። ድሮውንም ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ያኔ ቦሌ ዛሬ የምታውቁት ቦሌ አይደለም። ዛሬ አትላስ ብለን ሆቴል ከሆቴል የምናማርጥበት አካባቢ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ካላችሁ የሽንብራ ማሳና ወንዝ ነበር። ከተማው እዚያ ላይ ይደክመውና ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የአውሬው ቀበሌ ነው። በወንዙ በኩል ጅብ፣ በካቡ ውስጥ እባብ፣ ሽንት ቤት ጊንጥ፣ ሸረሪት ደግሞ በጋ ክረምት ሳይል በየጥጉ። የኔ ቤት ልክ ወሰኑ ላይ ነበረች። የተወረሰ ግቢ ጓሮ ውስጥ ያለች አንዲት የጭቃ ክፍል፤ ኮርኒሷ እየተጣጣፈ የተሰፋ የማዳበሪያ ጆንያ፣ ግድግዳዋ በዱቄት ሙጫ የተለጠፈ ጋዜጣ።

ለኔ ግን ቤተ መንግሥቴ ነበረች። ከዚያ በፊት የኖርኩት መገናኛ፣ አክስቴ ቤት፣ ወለል ላይ ነው። በአንድ በኩል ልጆቿ ይራገጡብኛል፤ በሌላ በኩል ቡሃቃው ውስጥ ሊጥ ሲኮመጥጥ ጆሮዬ ሥር ቡልቅ ቡልቅ ይላል። በአንድ የመንግሥት መጋዘን ውስጥ እቃ ተረካቢ ነበርኩ። የአዋቂ ሥራ ይዤ ማታ ማታ «እግርህን ሰብስብ» እየተባልኩ እተኛ ነበር። መጋዘኑ ያለበትን ቀበሌ ሊቀመንበር ቤት እንዲሰጡኝ ደጅ ጠናሁ፤ ሰላምታዬ እስኪሰለቻቸው፣ ሲያዩኝ መንገድ እስኪቀይሩ ተመላለስኩ። በመጨረሻ ከኔ ለመገላገል ብለው መሰለኝ፣ ያችን ክፍል በስሜ መዘገቡልኝ። በሕይወቴ በስሜ የሆነ የመጀመሪያው ነገር እሷ ናት። እሷን ካጣሁ መመለሻዬ ቡሃቃው ሥር ነው።

ጓደኛዬ አብሮ አደጌ ነው፤ መገናኛ አንድ ግቢ ውስጥ ያደግን። ያኔ የከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ሆኖ ነበር። ቤቷን እንዳገኘሁ ቀበሌ ሄጄ ደባሌ እንዲሆን አስመዘገብኩት። ሰዉ ሁሉ «አቤት ደግነት! ለጓደኛው ሟች ነው» አለኝ። አንገቴን ደፍቼ ምስጋናውን ተቀበልኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ብቻዬን መተኛት አልችልም ነበር። ከእባብም ከጅብም በላይ የምፈራው ሸረሪት ነው። ጅብ ውጪ ነው፤ በር ይዘጋበታል። ሸረሪት ግን አብራችሁ ትተኛለች። ደግሞ ሰዓት እላፊ አለ፤ ሸረሪት አየሁ ብላችሁ ዘላችሁ ብትወጡ ደጅ ላይ ጅብ፣ ከጅቡ ኋላ አብዮት ጠባቂ ይጠብቃችኋል። ይህን ፍርሃቴን በዚህች ምድር ላይ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ ደባሌ።

ያውቅልኝም ነበር። ጢሜን ስላጭ ምላጭ ከቆረጠኝ፣ ያው እንደ አገራችን ደም ማቆሚያው የሸረሪት ድር ነው። ከጥግ ጠቅልሎ የሚያመጣልኝ እሱ፤ ዓይኔን ጨፍኜ አገጬን የምሰጠው እኔ።

«ባለቤቷ የለችም፣ ድሩ ብቻ ነው» ይለኛል። «ግለጥ ዓይንህን፣ አንተ ጀግና።»

ብቻችንን ስንሆን እንዲህ ይቀልድብኛል። ሰው ፊት ግን አንድም ቀን አልቀለደብኝም።

ከዚያ ያቺ መጣች። ከአልጋዬ ራስጌ የተለጠፈው ጋዜጣ ላይ ትልቅ ፎቶግራፍ ነበር፤ የአብዮት በዓል ሲከበር፣ ታች አደባባይ ሙሉ ሕዝብ፣ ላይ መድረኩ ላይ እጃቸውን ያነሡ ባለሥልጣናት። ወረቀቱ በአንድ በኩል ከግድግዳው ለቀቅ ብሏል። አንድ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ከመድረኩ ኋላ ጥቁር እግር ወጣ። ከዚያ ሌላ እግር። ከዚያ ሙሉዋ ሸረሪት ወጥታ መሐል ላይ የቆሙት ባለሥልጣን ፊት ላይ ተደላድላ ተቀመጠች።

«ምታት!» አልኩ፤ ከክፍሉ ሌላኛው ጥግ ሆኜ።

ጓደኛዬ ጫማውን አነሣ። ከዚያ እጁ አየር ላይ ቆመ።

«በምን?» አለኝ።

«በጫማህ ነዋ!»

«የት ላይ?»

አየሁ። ገባኝ። ያን ዘመን ላልኖረበት ሰው ይህ ላይገባው ይችላል። ግድግዳችን ስስ ነው፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ እኛ «ይማርህ» እንላለን። «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰምቶ የመጣ ሰው፣ ባለሥልጣኑ ግንባር ላይ የጫማ ሶል ታትሞ ቢያገኝ ምን ልንል ነው? «ሸረሪት ነበረች»? የትኛዋ ሸረሪት? መስክሪ ብንላት ሞታለች! ጋዜጣውን መቅደድም ያው ነው። እሱ ጫማውን እንደያዘ፣ ሁለታችንም ሰልፍ ላይ እንዳለ ሰው ቀጥ ብለን ቆምን። እሷም የገባት ይመስል ከዚያች ቀን በኋላ ከዚያ ፎቶ አልወጣ አለች። ጥገኝነት ያገኘች መሰለች።

በሰሞኑ ከንፈሬ ጥግ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ወጣብኝ፤ ይለበልባል። ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን፣ ደጃፋቸው ላይ ሽንኩርትና ጨው የሚቸረችሩ ትልቅ የወሎ ሴት፣ አገጬን ይዘው ወደ ፀሐይ አዞሩኝና ወዲያው ፈረዱ።

«ሸረሪት ሸንታብህ ነው፣ ልጄ። ወላሂ ሸንታብህ ነው።»

«ሌላ ነገር ሊሆን አይችልም፣ እትዬ?»

«ሌላ ምን አለ? ስትተኛ አፍህን ከፍተህ ነው እንዴ የምትተኛው?»

ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው ለጠፉብኝ። ያ የሚለበልበው ነገር አሁን ነደደ። ሽንኩርት ሊገዛ የቆመው ሰው ሁሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ። «እባብ ገዳዩን ሸረሪት ሸናችበት!»

ይሄኔ ነው ምላሴ ያጠፋችኝ። ዘንዶ የገደለ ሰው ጥፍር የምታክል ሸረሪት ሸናችብኝ ይበል?

«ይቺ እናንተ የምታውቁት ዓይነት አይደለችም» አልኩ። «ሰሃን ታክላለች።»

ሳቁ ቆመ። ዝምታው ጣፈጠኝ።

«ጠጉር አላት። ስትራመድ ጋዜጣው ኮሽ ኮሽ ይላል። ትናንት በዓይኔ በብረቱ አይጥ ስትጎትት አይቻታለሁ። ከእንግዲህ ሰው ሊኖርበት የሚችል ቤት አይደለም።»

«ያ ረቢ!» አሉ ጎረቤታችን፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው። ጓደኛዬ በሩ ላይ ተደግፎ ያዳምጣል። እንደ ልማዱ አልሳቀም። ያኔ ልብ አላልኩትም።

በነጋታው ሻይ እየጠጣን፣ «ስማ» አለኝ። «አንተ ለጥቂት ቀን አክስትህ ጋ ሂድ። እኔ ቤቱን በበርበሬ አጥነዋለሁ። ጋዜጣውንም በዘዴ፣ በውሃ አርሼ አነሣዋለሁ። ሲያልቅ እጠራሃለሁ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ምን ይላል! ሰሃን ታክላለች ብለህ የለ? እንኳን አንተ፣ ጦር ሠራዊትም ለቆ ይወጣል።»

ተነሥቼ ጉንጩን ሳምኩት። በዚያ በሚለበልበው ከንፈሬ።

አክስቴ ቤት ቦታዬ አልተነካም፤ ቡሃቃውም እዚያው ነው። ከሥራ ስወጣ በሰፈሬ በኩል አልፋለሁ። ጓደኛዬ ሁልጊዜ ግቢው በር ላይ ያገኘኛል፤ ወደ ውስጥ አያስገባኝም። እኔም ልግባ ብዬ ሞቼ አልገኝም።

«እንዴት ሆነች?» እለዋለሁ።

«ኧረ ተዋት። እንቁላል ጥላለች።»

ከበሩ ራቅ እላለሁ። «ብዙ ነው?»

«አትጠይቀኝ፣ ወንድሜ። እባክህ አትጠይቀኝ።»

ሌላ ጊዜ ስመጣ ተፈልፍለዋል። ሌላ ጊዜ ኮርኒሱ ውስጥ ገብተው ጆንያውን ወደ ታች አጉብጠውታል። ሲተርክ እኔ ራሴ የምተርክ ነበር የሚመስለው፤ ከኔ ነው የተማረው። አንድ ቀን መስኮቴ ላይ አበባ ያለበት መጋረጃ ተሰቅሎ አየሁ።

«ያምራል» አልኩት።

«ሸረሪቶቹ ወደ ጎረቤት እንዳያልፉ ነው» አለኝ።

ይህንንም አመንኩ። እንዲያውም ስለ ጎረቤት በማሰቡ አመሰገንኩት።

የነገሩኝ ጎረቤታችን ናቸው። ሃያ ሁለት ማዞሪያ፣ ከነሽንኩርት ዘንቢላቸው አውቶቡስ ሲጠብቁ አገኘኋቸው።

«አንተ ልጅ፣ የት ነው የጠፋኸው? የቤት ኮሚቴው መጥቶ ማን እንደሚኖር ሲጠይቅ ነበር እኮ። ጓደኛህም ‹እኔና ሚስቴ› አላቸው።»

«የምን ሚስት?»

ዘንቢሉን መሬት አስቀመጡት። «አልነገረህም? ኧረ በነቢ! ከገባች እኮ ቆየች። ጨዋ ልጅ ናት። ያንን መጋረጃ ራሷ ናት የሰፋችው።»

ትቀየሙኝ እንደሆነ አላውቅም፤ መጀመሪያ የቆጨኝ ቤቴ አይደለም። ከልጅነታችን ጀምሮ፣ ማን ቀድሞ ቢያገባ ሌላው አንደኛ ሚዜ ሊሆን ተነጋግረን ነበር። ሙሽራውን የሚያስቁ ቀልዶች ሁሉ አዘጋጅቼ ጨርሼ ነበር። እሱ ግን አግብቶ፣ ሙሽራዋን ቤቴ አስገብቶ፣ ግቢው በር ላይ ቆሞ ስለ ሸረሪት እንቁላል ያወራኛል። ቤቱ ትዝ ያለኝ አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ነው። በዚያ ዘመን የቀበሌ ቤት ባለቤቱ የሚኖርበት ሰው ነው። የተመዘገበው ሰው ለቆ ከወጣ፣ ደባል ካለው ወደ ደባሉ ይዞራል። ደባል ያደረግኩት እኔ፤ ለቅቄ የወጣሁት እኔ።

ለሊቀመንበሩ አቤት አልኩ። እሑድ ከቀበሌው ስብሰባ በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ግቢያችን ድረስ መጡ። ቀበቷቸውን ከቦርጫቸው በላይ የሚታጠቁ፣ ሳቅ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ሰፈሩ ተከትሏቸው ገባ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ቤቱ የኔ ነው። የወጣሁት ለጥቂት ቀን ነው፤ እስኪያጥንልኝ» አልኩ።

«አጥንልኝ ብሎሃል?» አሉት ጓደኛዬን።

ጓደኛዬ መሬት መሬት እያየ፣ በትኬት ቆራጭ ትሕትና፣ «እኔ የማውቀው፣ ጓድ ሊቀመንበር፣ ‹ሰው ሊኖርበት የሚችል ቤት አይደለም› ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግሮ መውጣቱን ነው» አለ። «ጎረቤታችንም ሰምተዋል።»

ጎረቤታችን ተጨነቁ። እኔን አዩ፣ እሱን አዩ። «ብሏል» አሉ። «ልዋሽ አልችልም፣ ልጄ። ብለሃል። ሰሃን ታክላለች ብለሃል። አይጥ ጎተተች ብለሃል።»

«አይጥ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«አጋንኜ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «የጣት ጥፍር ነው የምታክለው!»

«እንዴ! የጣት ጥፍር የምታክል ሸረሪት ፈርተህ ነው ቤት የለቀቅከው? አንተ፣ እባብ ገዳዩ?»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሸረሪቷን ባሳድጋት ቤቱን አጣለሁ፤ ባሳንሳት ስሜን አጣለሁ። እኔም ስሜን መረጥኩ።

«አልፈራሁም!» አልኩ።

ይሄኔ ጓደኛዬ ቀና አለ። ከመጣሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየ።

«ካልፈራ ቀላል ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ሸረሪቷ አሁንም እዚያው ጋዜጣ ላይ ናት። እኔ አልነካኋትም። ይግባና ያውጣት። ካወጣት ቤቱ የሱ ነው፤ ሚስቴን ይዤ ዛሬውኑ እወጣለሁ።»

ሰዉ አጨበጨበ። ምን ዓይነት ፍርድ ነው፣ ምን ዓይነት ቅን ሰው ነው አለ። እንደማልችል ግን እሱ ያውቃል። ዓይኔን ጨፍኜ አገጬን የሰጠሁት እሱን ነው። ቢሰድበኝ፣ ሌባ ቢለኝ፣ ለአብዮት ጠባቂ አሳልፎ ቢሰጠኝ እንኳ ያን ያህል አይከብደኝም ነበር። ማንም የማያውቀውን አንዱን ነገር ይዞ፣ በጨዋ ቃል ጠቅልሎ፣ ሰፈር ፊት አስቀመጠው።

ወደ በሩ ሄድኩ። ሚስቱ ከበሩ ጎን አንገቷን ደፍታ ቆማለች። ቤቱ ተጠርጓል፤ የበርበሬም ሽታ የለም። ጋዜጣው ራስጌዬ ላይ እንዳለ ነው። እሷም መሐል ላይ፣ ባለሥልጣኑ ፊት ላይ፣ እንደ ድሮዋ ተደላድላለች። አንዲት ጥፍር የምታክል ነገር።

ዞር አልኩ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ በባለሥልጣን ፎቶ ላይ ጫማ አላነሣም! ይህ እኮ ፀረ አብዮት ነው!»

የሊቀመንበሩ ፈገግታ ጠፋ፤ ቀበቷቸውን አስተካከሉ። ለትንሽ ጊዜ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

«እውነቱን ነው» አሉ። «በጫማ አይሆንም። በእጅህ አንሣት። በክብር።»

እጄን ዘረጋሁ። በእውነት ዘረጋሁ። ጣቴ ከመድረኩ ትንሽ ሲቀረው እሷ አንድ እግሯን አነሣች፤ እንደዚያ እጃቸውን እንዳነሡት ሰዎች። ከዚያ በኋላ ራሴን ያገኘሁት ከሊቀመንበሩ ኋላ ነው፤ ቀበቷቸውን ከጀርባ በሁለት እጄ ይዤ።

«ቤቱ ለደባሉ ይዛወር» አሉ። «አንተም ቀበቶዬን ልቀቅ።»

ሰው እየሳቀ ወጣ። ጎረቤታችን ሲያልፉ ትከሻዬን ዳሰሱኝ። እኔና ጓደኛዬ ግቢው ውስጥ ቀረን።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ቤተሰቦቿ ቤት ከሌለህ አንሰጥህም አሉኝ። ብነግርህ ትለቅልኝ ነበር?»

አልለቅም ነበር። ይህን አልነገርኩትም። «ሚዜህ እኔ ነበርኩ እኮ» አልኩት። እሱ ያኔ አካፋውን የጠረገበትን ሣር በእግሩ ይጭር ጀመር።

«እቃህ አልጋው ሥር ነው» አለኝ በመጨረሻ። «ግባና ውሰድ።»

አልጋው ያለው ከጋዜጣው ሥር ነው። ስድብ አዘጋጅቼ ነበር፤ ከመገናኛ ጀምሮ በመንገዴ ሁሉ ስደረድረው የመጣሁት፣ አባት እናት የማይቀርበት ስድብ። በሩን አየሁ፣ እሱን አየሁ፤ ስድቡ ጠፋብኝ። ቤቴን የወሰደብኝን፣ የከዳኝን ሰው፣ «እባክህ አንተ አውጣልኝ፤ ብርድ ልብሱንም በደንብ አራግፈው» ብዬ ለመንኩት።